«ኦኬ» ስንት ነገር ይላል?

እንግሊዝኛ አላውቅም የሚል ሰው እንኳ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል በቀን ደጋግሞ ይናገራል። ረዳቱ «ሳበው!» ሲል ሹፌሩ «ኦኬ» ይላል፤ ደንበኛዋ ዋጋውን ስትነግረው ነጋዴው «ኦኬ፣ ይሁን» ይላል፤ ስልክ ሊዘጋ የቸኮለ ሰው «ኦኬ፣ ኦኬ፣ ቻው» ብሎ ይገላገላል። ቃሉ ከአሜሪካ ተነሥቶ ይህን ያህል የተጓዘው ጥልቅ ሐሳብ ስለ ተሸከመ አይደለም። ሸክሙ በጣም ቀላል ነው፤ ግን ምን እንደ ተሸከመ በውል አይታወቅም።

«ኦኬ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ነገሮች አንዱን ይላል። አንደኛው «ሰምቻለሁ» ነው። ሁለተኛው «ተስማምቻለሁ» ነው። ሦስተኛው «ደህና ነው፣ ችግር የለም» ነው። አንዳንዴ ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ ይላቸዋል፣ አንዳንዴ አንዱን ብቻ። የትኛውን እንዳለ ቃሉ ራሱ አይናገርም፤ ሰሚው ከድምፁ፣ ከፊቱና ከሁኔታው ያነበዋል። በዚህ ምዕራፍ የማወራው ይህ ግልጽ አለመሆን ቃሉን እንዴት እንዳሳደገው፣ አንድ ቀን ደግሞ ምን እንዳደረሰ ነው።

መጀመሪያ ግን ልደቱ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1830ዎቹ መጨረሻ የቦስተን ጋዜጠኞች አንድ እብደት ያዛቸው፤ ያገኙትን ሐረግ ሁሉ በመጀመሪያ ፊደላቱ ማሳጠር። «አይሆንም» የሚለውን «ኖ ጎ» በ«ኤን ጂ» ይጽፉታል። ተራ ነገር ለማለት «ስሞል ፖቴቶስ»፣ ቃል በቃል «ትንንሽ ድንች»፣ ይሉ ነበርና እሱም «ኤስ ፒ» ሆነ። ዕዳ አስጨንቆት አገር ጥሎ የጠፋ ሰው «ወደ ቴክሳስ ሄዷል» ይባል ነበር፤ ይህም «ጂ ቲ» ተብሎ አጠረ። አንባቢው ፊደላቱን ፈትቶ ሲደርስባቸው ይስቃል፤ የጨዋታው ቁም ነገር ይኸው ነው።

ከዚያ ጨዋታው አንድ እርምጃ ከፍ አለ። ማሳጠር ብቻውን ስለ ሰለቻቸው፣ ሐረጉን መጀመሪያ እንዳልተማረ ሰው በስሕተት ይጽፉትና ስሕተቱን ያሳጥሩት ጀመር። እንግሊዝኛ ለዚህ ዓይነት ቀልድ የተመቸ ቋንቋ ነው፤ የሚጻፈውና የሚሰማው አይገጥምማ። «ኦል ራይት» የሚለው ሐረግ በትክክል ሲጻፍ በ«ኤ» እና በ«አር» ይጀምራል፤ እነሱ ግን ሆን ብለው አጣመው በ«ኦ» እና በ«ደብሊው» ጀምረው ጻፉትና «ኦ ደብሊው» አሉት። በእኛ ቢሆን፣ አንድ ቀልደኛ «ዓ.ም.» በሚለው ፋንታ ሆን ብሎ «አ.ም.» ጽፎ፣ ፊደል የቆጠሩት ሲቆጡ እሱ ቁጭ ብሎ እንደሚስቅ ማለት ነው።

መጋቢት 23 ቀን 1839 ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት የተባለው ጋዜጣ በሁለተኛ ገጹ ላይ አንዲት ትንሽ የፌዝ ጽሑፍ አወጣ። አዘጋጁ ቻርልስ ጎርደን ግሪን በጎረቤት ከተማ በፕሮቪደንስ ከሚታተም ጋዜጣ ጋር እየተነቋቆረ ነበር። የጠቡ ሰበብ የደወል መደወልን ጉዳይ ይዞ የተቋቋመ አንድ የቀልድ ማኅበር ነው፤ የማኅበሩ ሰዎች በፕሮቪደንስ በኩል ቢያልፉ የዚያ ጋዜጣ አዘጋጅ ቡሽ እያፈናጠረ ይቀበላቸዋል ብሎ ግሪን ሲቀልድ፣ በመሐል «ኦ.ኬ.» የሚሉ ሁለት ፊደላት ጣል አደረገ። አንባቢው እንዳይደናገር ደግሞ ትርጉሙን አጠገቡ አስቀመጠ፤ «ኦል ኮሬክት»፣ ሁሉም ትክክል። «ኦል» በ«ኤ»፣ «ኮሬክት» በ«ሲ» መጀመር ነበረባቸው። ሁሉም ትክክል ነው የሚለው ምህጻረ ቃል ከሁለቱ ፊደላቱ አንዱም ትክክል አይደለም። ቀልዱ እዚህ ላይ ነው፤ ዛሬ ማንም አይስቅበትም እንጂ በጊዜው ጥሩ ቀልድ ነበር።

እነ «ኤን ጂ» እና «ኦ ደብሊው» ከፋሽኑ ጋር ሞቱ። «ኦኬ» ለምን ተረፈ? መልሱ ሥነ ልሳን ውስጥ የለም፤ ምርጫ ዘመቻ ውስጥ ነው።

በ1840 ስምንተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቢዩረን ለሁለተኛ ጊዜ ለመመረጥ ይወዳደር ነበር። የተወለደው በኒው ዮርክ ግዛት ኪንደርሁክ በምትባል ትንሽ ከተማ ስለሆነ ደጋፊዎቹ «ኦልድ ኪንደርሁክ»፣ የኪንደርሁኩ ሽማግሌ፣ ይሉታል። የቅጽል ስሙ የመጀመሪያ ፊደላት «ኦ» እና «ኬ» ሆነው ተገኙ። በኒው ዮርክ ከተማ የዴሞክራቶቹ ደጋፊዎች «ኦ.ኬ. ክለብ» አቋቋሙ፤ የቦስተኑ ቀልድ ገና በሰው አፍ ላይ ስለ ነበር ስሙ ሁለት ትርጉም ያዘ። የእኛ ሰው ኦልድ ኪንደርሁክ ነው፤ የእኛ ሰው ሁሉም ነገሩ ትክክል ነው።

ተቃዋሚዎቹ ዊጎችም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ሁለቱን ፊደላት ወስደው በራሳቸው የተጣመመ አጻጻፍ ፈቱላቸው፤ ገንዘብ ያለቀበት፣ አሰቃቂ ጥፋት፣ የመሳሰሉትን። በ1837 የተነሣው የገንዘብ ቀውስ ገና የሰውን ኪስ ስለሚያቃጥል ፌዙ ስሜት ይሰጥ ነበር። ከዚህ የባሰ ደግሞ ነበረ። ከቫን ቢዩረን በፊት የነበረው ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ፊደል በቅጡ ስለማያውቅ፣ ያጸደቀው ወረቀት ላይ «ሁሉም ትክክል» ሊል ሲል «ኦ.ኬ.» ብሎ ይጽፍ ነበር የሚል ወሬ ነዙ። ወሬው ፈጠራ ነው። ግን ተመልከቱ፤ ስም ለማጥፋት የተፈጠረው ተረት ለቃሉ ሥራ ሰጠው። ወረቀት ላይ «ኦኬ» ብሎ መፈረም የሚባል ልማድ በሰው አእምሮ ውስጥ ገባ፤ ቆይቶ ሰዎች እውነትም ያደርጉት ጀመር። ቫን ቢዩረን በዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን ተሸነፈ፤ ሃሪሰንም ሥልጣን በያዘ በአንድ ወሩ ሞተ። ከዚያ ምርጫ ረጅም ዕድሜ ያገኘው ቃሉ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ሁሉ ዝርዝር የምናውቀው በአንድ ሰው ትዕግሥት ነው። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት አለን ዎከር ሪድ የ1830ዎቹን ጋዜጦች ገጽ በገጽ አገላብጠው፣ በ1963 እና በ1964 በተከታታይ ባወጧቸው ጥናቶች የልደቱን ቀንና የምርጫውን ታሪክ አረጋገጡ። ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን ነው እንግዲህ። ከሳቸው በፊት የነበረው ክርክር ግን ራሱን የቻለ ድራማ ነው፤ ዛሬም አልበረደም።

ግሪኮቹ ቃሉ «ኦላ ካላ»፣ ሁሉ መልካም፣ ከሚለው የራሳቸው አነጋገር የመጣ ነው ይላሉ። ስኮትላንዳውያን «ኦክ አይ» የሚል ማረጋገጫ አላቸውና የኛ ነው ይላሉ። ከምዕራብ አፍሪካ ቋንቋዎች፣ በተለይ ከወሎፍ፣ በባርነት ተጭነው በተወሰዱ ሰዎች አፍ አሜሪካ ገባ የሚሉ ምሁራንም አሉ። ከሁሉ የገነነው ግን ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ከሆኑት ከቾክቶዎች ቋንቋ መጣ የሚለው መላምት ነው። ቾክቶዎች «ነው፣ እንዲህ ነው» ለማለት የሚጠቀሙበት ቃል ድምፁ ከ«ኦኬ» ጋር ይቀራረባል። ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ይህን አምነው ሰነድ ሲያጸድቁ ሁለቱን ፊደላት ሳይሆን ቾክቶውኛ ይመስላል ያሉትን ሙሉውን ቃል ይጽፉ ነበር። አንድ የአገር መሪና የታሪክ ፕሮፌሰር የነበረ ሰው የተሳሳተ የቃል ታሪክ በየቀኑ ሲፈርም መኖሩ ይገርማል። በዚያው ዘመን፣ በ1918፣ ኦቶ ሃይነማን የተባለ ትውልደ ጀርመን ነጋዴ በኒው ዮርክ የሸክላ ማሳተሚያ አቋቋመና የሙሉ ስሙን የመጀመሪያ ፊደላት ተጠቅሞ «ኦኬ ሪከርድስ» አለው። በ1920 ማሚ ስሚዝ የምትባለዋ ጥቁር አሜሪካዊት «ክሬዚ ብሉዝ» የተባለውን ዘፈኗን የቀረጸችው በዚህ ማሳተሚያ ነው፤ ለብሉዝ ሙዚቃ ገበያ በሩን የከፈተ ሸክላ ነበር።

ሰው ይህን ያህል የተከራከረው ለምን ይመስላችኋል? እኔ እንደሚመስለኝ እውነቱ ስለሚያሳፍር ነው። በዓለም ዙሪያ የሚነገር ቃል ከጥንታዊ ሕዝብ ጥበብ፣ ከግሪክ ወይም ከአፍሪካ አባቶች ቢመጣ ያምርበታል። ሥራ የፈታ ጋዜጠኛ ፊደል እያጣመመ ሲቀልድ ፈጠረው ሲባል ማን ደስ ይለዋል?

ቀልዱ ቁም ነገር የሆነው በሽቦ ላይ ነው። ሳሙኤል ሞርስ በ1844 በዋሽንግተንና በባልቲሞር መካከል የቴሌግራፍ መልእክት ካስተላለፈ በኋላ አዲስ ሙያ ተፈጠረ። ቴሌግራፈኛው መልእክት ሲደርሰው ለላኪው «ደርሶኛል፣ ያልተሰማ ነገር የለም» ማለት አለበት። ይህን በየደቂቃው በረጅሙ መጻፍ አይቻልም፤ ሁለት ፊደል ይበቃል። የባቡር ሠራተኞችም በተመሳሳይ መንገድ ጭነቱን፣ ሰዓቱን፣ የሐዲዱን ክፍት መሆን በ«ኦኬ» ያረጋግጡ ነበር። ልብ በሉ፤ ቴሌግራፈኛው «ኦኬ» ሲል በመልእክቱ ተስማምቷል ማለት አይደለም። መልእክቱ የሞት መርዶ ሊሆን ይችላል። የሱ «ኦኬ» መድረሱን ብቻ ነው የሚናገር። የቦስተኑ «ኦኬ» ደግሞ «ትክክል ነው» ነበር፤ ለጃክሰን የተለጠፈበት «ኦኬ» «ፈቅጃለሁ» ነበር። ሦስቱ ትርጉሞች በአንድ ቃል ውስጥ መኖር የጀመሩት በዚህ ጊዜ ነው፤ እስካሁንም አልተለያዩም።

የእንግሊዝኛ ሰዋስው ይህን ቃል የት እንደሚያስቀምጠው ይቸገራል። ቅጽል ይሆናል፤ «ምግቡ ኦኬ ነው»። ተውሳከ ግሥ ይሆናል፤ «መኪናው ኦኬ ይሄዳል»። ስም ይሆናል፤ «የአለቃውን ኦኬ አገኘሁ»። ግሥም ይሆናል፤ «አለቃው ኦኬ አደረገው»። ግሥ ሲሆን ኃላፊ ጊዜውን እንዴት እንደሚጽፉት ጋዜጠኞቹ ራሳቸው ይጨቃጨቃሉ፤ የአሶሺየትድ ፕሬስ የአጻጻፍ መመሪያ ሁለቱን ፊደላት ብቻ ተጠቀሙ፣ ሙሉ ቃል አድርጋችሁ አትጻፉ ይላል፤ ብዙ መጽሐፍ አሳታሚዎች ግን ሙሉውን ይመርጣሉ። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የሚበዛው ግን ከዓረፍተ ነገሩ ውጭ ለብቻው የሚቆመው «ኦኬ» ነው። አስተማሪ ክፍል ገብቶ እጁን ሲያጨበጭብ የሚለው «ኦኬ!» ከሦስቱ ትርጉሞች አንዱንም አይልም፤ ወሬ ይቁም፣ ሥራ ይጀመር ማለት ነው። በሚያዝያ 1970 የአፖሎ 13 የኦክሲጅን ታንክ በፈነዳ ጊዜ ጠፈርተኛው ጃክ ስዊገርት ለሂዩስተን መቆጣጠሪያ ጣቢያ ችግር እንደ ገጠማቸው ያሳወቀው ንግግሩን በ«ኦኬ» ጀምሮ ነው። ከምድር ከ300 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ መንኮራኩሩ እየሞተ ሰውየው «ኦኬ» አለ። ደህና ነን ማለቱ አልነበረም፤ ተራው የኔ ነው፣ አድምጡኝ ማለቱ ነበር።

ቅጽል ሲሆን ደግሞ ባሕርዩ ይለወጣል። «ፊልሙ እንዴት ነበር?» ተብሎ «ኦኬ ነበር» የሚል አሜሪካዊ ፊልሙን አላመሰገነም። አልሰደበምም። በእኛ «ምንም አይልም» የምንለው ደረጃ ላይ አስቀመጠው። ስለዚህ ጋባዥዋ ቀኑን ሙሉ ደክማ የሠራችውን ምግብ እንግዳው «ኦኬ ነው» ቢላት ትቀየማለች፤ ትክክልም ናት። አማርኛ ተናጋሪው ኦኬን ከ«ጥሩ» ጋር እኩል አድርጎ ከተማረው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ኦኬ የሚለካው ከታች ነው፤ ወለሉን አልፏል ይላል እንጂ ጣሪያው ላይ ደርሷል አይልም።

ከዚህ የባሰ ግራ የሚያጋባው «አይም ኦኬ» ነው። ሰው ወድቆ ሲነሣ «አይም ኦኬ» ካለ «አልተጎዳሁም» ማለቱ ነው፤ ይህ ቀላል ነው። ግን ሜሪላንድ ውስጥ ምግብ ቤት የምትሠራ፣ አሜሪካን ገና በመልመድ ላይ ያለች የሀገር ልጅ «ውሃ ልጨምርልህ?» ብላ ስትጠይቅ ደንበኛው «አይም ኦኬ» ይላታል። «እሺ» ያላት ይመስላትና ትቀዳለች። ሰውየው ያለው ግን «አይ፣ ይበቃኛል» ነው። አመክንዮው እንዲህ ነው፤ ባለሁበት ሁኔታ ደህና ነኝ፣ የጎደለኝ የለም፣ ስለዚህ አልፈልግም። «አዎ» የሚመስል ቃል «አይ» ሆኖ ይወጣል።

ይኸው ነገር በተቃራኒው ሲገጥም ደግሞ ሆድ ያስርባል። የእኛ እንግዳ ሲጋበዝ መጀመሪያ እንቢ ማለት አለበት፤ ጋባዡ ደግሞ «በሞቴ!» ብሎ መልሶ መለመን አለበት፤ ከሁለት ሦስት ዙር በኋላ ነው ነገሩ የሚያልቅ። አሜሪካዊ ቤት የገባ ኢትዮጵያዊ በይሉኝታ «አይም ኦኬ» ሲል ጋባዡ ቃሉን እንደ መጨረሻ ውሳኔ ይወስደዋል፤ ሰሐኑን አንሥቶ ይሄዳል። በሞቴ የሚል የለም። አሜሪካ የቆዩ ዘመዶች አዲስ ለመጣው ይህን አስቀድመው ቢነግሩት ከብዙ ምክር ይሻለዋል።

«ኢትስ ኦኬ» ደግሞ ሌላ መንገድ ነው። ይቅርታ ለጠየቀ ሰው ሲባል «ምንም አይደል» ይሆናል። የሚያለቅስ ሕፃን ጀርባው መታ መታ እየተደረገ ደጋግሞ ሲባል «አይዞህ፣ አይዞህ» ይሆናል። «አር ዩ ኦኬ?» ደግሞ በድምፁ ይለያያል፤ ለስለስ ብሎ ሲወጣ «ደህና ነህ?»፣ ጠንከር ብሎ ከፊት መኮሳተር ጋር ሲወጣ «ጤነኛ ነህ?» ማለት ነው። እኛም «ጤና ነህ?» ስንል ሁለቱንም እንላለንና ይህ አይከብደንም።

ለአማርኛ ተናጋሪ ቅርቡ ዘመድ «እሺ» ነው፤ «እሺ ይበልጣል ከሺ» የተባለለት። «እሺ» ልክ እንደ ኦኬ ስምምነትም ነው፣ መስማትም ነው። አዛውንቱ በስልክ ረጅም ጉዳይ ሲተርኩ «እሺ… እሺ…» የሚለው ልጅ በነገሩ ተስማምቶ አይደለም፤ እያዳመጥኩ ነው ይቀጥሉ እያለ ነው። «እሺ፣ ነገ» የሚለው የመሥሪያ ቤት መልስ ደግሞ ተስፋ ይሁን ማሰናበቻ ባለጉዳዩ ብቻ ያውቀዋል። የሚለያዩት «እሺ» ቅጽል ለመሆን እንቢ ስለሚል ነው። «ምግቡ እሺ ነው» አይባልም። ምናልባት ወጣቶቻችን «ኦኬ»ን አስገብተው «እሺ»ን ያላስወጡት ለዚህ ይሆናል፤ ሁለቱ አንዱን ወንበር አይሻሙም። የዊንዶውስም ሆነ የስልኮቹ የአማርኛ ገጽታ ግን ኦኬ የሚለውን ቁልፍ «እሺ» ብለው ነው የተረጎሙት፤ ጥሩ ምርጫ ይመስለኛል።

የዚያ ቁልፍ ነገር ከተነሣ አይቀር፣ ኦኬ ኮምፒውተር ውስጥ የገባበት መንገድ መተረክ አለበት። አፕል ኩባንያ በ1983 ለገበያ ያወጣውን «ሊሳ» የተባለ ኮምፒውተር በሚሠራበት ጊዜ፣ ማሽኑ ጥያቄ ሲያቀርብ ተጠቃሚው የሚጫነው ቁልፍ ላይ የተጻፈው «ዱ ኢት»፣ አድርገው፣ የሚል ነበር። ሰዎች ተጋብዘው ማሽኑን ሲሞክሩ አንዳንዶቹ ቁልፉን መጫን ትተው ሌላውን ይጫኑ ጀመር። አንዱ ሞካሪ ተበሳጭቶ ለምን እንደማይጫነው ሲጠየቅ፣ እኔ ጅል አይደለሁም፣ ለምን ጅል የሚል ቁልፍ እጫናለሁ አለ። በስክሪኑ ላይ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ፣ የፊደሉም ቅርጽ አሳሳች ስለ ነበር «ዱ ኢት» የሚለው «ዶልት» ተብሎ ይነበብ ነበር፤ ዶልት ደግሞ ጅል ማለት ነው። ሠሪዎቹ ቁልፉን በ«ኦኬ» ተኩት።

ዛሬ በቀን ስንት ጊዜ እንደምንጫነው አስቡ። «ፋይሉ ተበላሽቷል» ይልና ከሥሩ አንድ ቁልፍ ብቻ ያስቀምጣል፤ ኦኬ። ምኑ ነው ኦኬ የሆነው? ፋይሌ ጠፍቶ መስማማቴን ነው የሚጠይቀኝ? አይደለም፤ የቴሌግራፈኛው ኦኬ ነው። አይቼዋለሁ በል ነው የሚለው። ሌላ ጊዜ ግን ያው ቁልፍ «ሁሉንም አጥፋ» የሚለውን ትእዛዝ የሚያጸድቀው የጃክሰን ኦኬ ይሆናል። ብልህ ሠሪዎች አሁን አሁን አደገኛ በሆነው ቦታ ላይ ኦኬን ትተው «ሰርዝ» ወይም «አስቀምጥ» ብለው ግሡን ራሱን ይጽፋሉ።

በእጅም ይነገራል። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ገጥመው ክብ ሲሠሩ በአሜሪካ ኦኬ ነው፤ በጃፓን ገንዘብ ማለት ሊሆን ይችላል፤ በብራዚል ነውር ነው። ከ2017 ወዲህ በኢንተርኔት እንደ ቀልድ ተጀምሮ የነጭ ዘረኞች ምልክት እስከ መሆን ደርሶ በ2019 በጥላቻ ምልክቶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። የባሕር ጠላቂዎች ግን አልተዉትም። ውሃ ውስጥ አውራ ጣትን ወደ ላይ መቀሰር «ወደ ላይ እንውጣ» የሚል ትእዛዝ ስለሆነ ለደኅንነት የግድ ሌላ ምልክት ያስፈልጋል። አንዱ ጠላቂ ክቡን ሲያሳይ «ደህና ነህ?» እያለ ነው፤ ሌላው ያንኑ ምልክት ሲመልስ «ደህና ነኝ» ይላል። ካልመለሰ ችግር አለ።

ጠላቂዎቹ ለአንድ ምልክት አንድ ሥራ ብቻ ሰጥተውታል። በበረራው ዓለም ይህ ጥንቃቄ በጎደለበት ቀን ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ወደ ቴነሪፍ ደሴት መሄድ ያስፈልጋል።

መጋቢት 27 ቀን 1977 በካናሪ ደሴቶች፣ ግራን ካናሪያ አየር ማረፊያ ውስጥ ቦምብ ፈነዳና ብዙ አውሮፕላኖች በቴነሪፍ ወዳለው ትንሽ የሎስ ሮዴዎስ ማረፊያ እንዲሄዱ ተደረገ። ሁለት ቦይንግ 747ቶች ከነዚህ መካከል ነበሩ፤ አንዱ የሆላንዱ ኬ.ኤል.ኤም.፣ አንዱ የአሜሪካው ፓን አም። የግራን ካናሪያው ማረፊያ እንደገና ሲከፈት ሁለቱም ለመነሣት ቸኮሉ። ጭጋግ ወርዶ ነበር። ኬ.ኤል.ኤም. የመንደርደሪያው ጫፍ ላይ ቆሞ ዞሯል፤ ፓን አም ደግሞ በዚያው መንደርደሪያ ላይ እየተጓዘ መውጫውን ይፈልጋል። አንዱ ሌላውን አያይም፤ የማረፊያው የበረራ ተቆጣጣሪም ሁለቱንም አያይም።

ተቆጣጣሪው ለኬ.ኤል.ኤም. ከተነሣ በኋላ የሚከተለውን የበረራ መስመር ነገረው። ይህ የመነሻ ፈቃድ አልነበረም፤ ግን «መነሣት» የሚል ቃል በውስጡ ነበረበት። ረዳት አብራሪው መልእክቱን ደግሞ ካነበበ በኋላ አሁን መነሻው ላይ እንደሆኑ የሚገልጽ አሻሚ ሐረግ ጨመረ። ዋና አብራሪው ፍሬኑን ለቆ መንደርደር ጀምሮ ነበር። ተቆጣጣሪው «ኦኬ» አለ። ጥቂት ቆየት ብሎ ለመነሻ እንዲጠብቁና እንደሚጠራቸው ተናገረ።

የሆላንዱ አብራሪዎች ጆሮ ላይ ጥርት ብሎ የደረሰው «ኦኬ» ብቻ ነው። የቀረው ዓረፍተ ነገር ሲመጣ የፓን አም ሰዎች ገና መንደርደሪያው ላይ መሆናቸውን ለማሳወቅ በዚያው ሞገድ ተናግረው ስለ ነበር ሁለቱ ድምፆች ተጋጭተው ፉጨት ሆኑ። የተቆጣጣሪው ኦኬ «ሰምቻችኋለሁ» ነበር፤ በኮክፒቱ ውስጥ የደረሰው ኦኬ ግን «ተፈቅዶላችኋል» ሊሆን ይችላል። የበረራ መሐንዲሱ ያ ፓን አም ከመንደርደሪያው ወጥቷል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ዋና አብራሪው ወጥቷል ብሎ ቁርጥ አድርጎ መለሰለት። ከጭጋጉ ውስጥ ፓን አምን ሲያዩት ጊዜው አልፎ ነበር። 583 ሰዎች ሞቱ፤ በኬ.ኤል.ኤም. ላይ ከነበሩት አንድም አልተረፈም፤ ከፓን አም 61 ሰዎች ዳኑ። ቁጥሩ በሲቪል አቪዬሽን አደጋዎች ታሪክ እስካሁን ከፍተኛው ነው።

ጥፋቱን በአንድ ቃል ላይ መጫን አይገባም። ጭጋጉ ነበረ፤ የሠራተኞቹ የሥራ ሰዓት ገደብ ሊያልቅ መቃረቡ ነበረ፤ የዋና አብራሪው ጥድፊያ ነበረ፤ የሬዲዮው መጋጨት ነበረ። ኦኬ ግን ከእነዚህ ሁሉ መካከል ያለ ድካም ሊቀር ይችል የነበረ ነገር ነው።

ከዚያ ወዲህ የሬዲዮ ቋንቋው ጠበቀ። መነሣት የሚለው ቃል የሚነገረው ፈቃዱ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ ሆነ፤ በሌላው ጊዜ ሁሉ «ጉዞ» የሚል ትርጉም ያለው ሌላ ቃል ተተካለት። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በመደበኛ ቃላቱ ዝርዝር ውስጥ ኦኬ የተሸከማቸውን ሥራዎች ለሦስት ቃላት አከፋፍሏል። «ሮጀር» የመጨረሻ መልእክትህ ሙሉ በሙሉ ደርሶኛል ማለት ብቻ ነው፤ አዎ ወይም አይ ለሚፈልግ ጥያቄ መልስ ሆኖ እንዲነገር አይፈቀድም። «ዊልኮ» ገብቶኛል፣ አደርገዋለሁም ማለት ነው። «አፈርም» አዎ ነው። ፈቃድ ሲሰጥ ደግሞ አብራሪው ከሦስቱ በአንዱም አይገላገልም፤ የተባለውን፣ የመንደርደሪያውን ቁጥር ጭምር፣ ቃል በቃል መልሶ ማንበብ አለበት።